እሜት ቀንሱ

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ እሷን የሚወድ ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን እንዲወዷት ብላ ያደረገችው አንድም ነገር የለም። ሆስፒታሉ የጡረተኛ ወታደሮች ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ከወገብ በላይ ነጭ፣ አግዳሚ ወንበሩ ከመሬት ጋር በብሎን የታሰረ፣ ሰው ይሰርቀዋል ተብሎ። በክራንች የሚሄደው፣ በጋሪ የሚገፋው፣ ጆሮው በፈንጂ የደነቆረው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሁሉም ደግሞ ተቆጪ ነው።

የእሷ ሥራ ክሊኒካል ፋርማሲ ስፔሻሊስት ይባላል። ስሙ ለአፍ ስለሚከብድ ማንም አይጠራውም። በመስኮት መድኃኒት የምታድል አይደለችም፤ አልጋ ለአልጋ እየዞረች ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን ከሌላው ክኒን ጋር ይስማማል ወይ፣ ለሰውየው ኩላሊት አይበዛም ወይ፣ ሆድ አይበሳም ወይ እያለች የምታጣራ ናት። ስታጣራም ብዙውን ጊዜ መጨረሻው መቀነስ ነው። አሥር ዓይነት የሚውጠውን ወደ ስድስት፣ ስድስት የሚውጠውን ወደ አራት ታወርደዋለች። ስለዚህ የወንዶች ክፍል ታማሚዎች እሜት ቀንሱ ብለው ስም አወጡላት። ከኋላዋ ብቻ የሚሏት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በሩ ላይ ብቅ ከማለቷ አንደኛው እንደ አዛዥ ጉሮሮውን ጠርጎ "ክኒናችሁን ሸሽጉ! እሜት ቀንሱ መጣች!" ይላል፤ ክፍሉ በሳቅና በሳል ይናጣል።

እሷም አትምርም። አዲስ ታማሚ ሲገባ ቤቱ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል አስመጥታ አልጋው ላይ ታስራግፈዋለች። ከዚያ ፌስታል ጉድ ነው የሚወጣው። ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ፣ የጎረቤት የዓይን ጠብታ፣ ከምን እንደመጣ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ዱቄት።

"ይኼ የስኳር ክኒን የማነው?" አለች አንድ ቀን አንድ ዓይና የሚሉትን ሽማግሌ።

"የሟች ባለቤቴ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ስኳር የለብዎት፣ ለምን ይውጡታል?"

"ትዝታ ነው።"

"ትዝታ በፎቶ ነው እንጂ በክኒን አይደለም። መንገድ ላይ ራስዎን ስተው የተገኙት በዚህ ትዝታ ነው" ብላ እፍኝ ሙሉውን ወደ ቆሻሻ ባልዲው ጨመረችው። አንድ ዓይና በቀረችው ዓይኑ እያያት ከንፈሩን ነከሰ። እሷ ትክክል ነበረች፤ ጥያቄ የለውም። ግን ትክክል መሆንና የሰው ሚስት ባልዲ ውስጥ መወርወር ለየብቻ ነው። ይኼን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ቢነግራትም ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር።

ለእሷ ያ ፌስታል ሥራ ነው። ለእነሱ ግን ፍተሻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሻንጣውን በአዛዥ ፊት ሲያራግፍ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት ፊት ሲያራግፍ ደሙ ይፈላል። ወታደር ደግሞ ፍተሻን የሚመልስበት አንድ መንገድ ያውቃል። ይሸሽጋል፤ ሸሽጎም ለጓዱ ያካፍላል፤ ያካፈለውን ደግሞ ቢገድሉት አይናገርም።

ከሁሉም የከፋው ጠብ ከብረቱ ጋር ነበር። ብረቱ የተባለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የልቡ በር ተበላሽቶ በቀዶ ጥገና በብረት ተተክቷል፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል አልጋው አጠገብ ብትቀመጡ ከደረቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሁለተኛው ጸባዩ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። ሱሪውን ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል።

ያንን እግር ያጣው የእሷን አባት ነፍስ ሲያተርፍ ነው። አባቷ ዳሌው ላይ ተመትቶ ወድቆ ሳለ ብረቱ ተሸክሞት ሲወጣ ፈንጂ ረገጠ። ይኼን ወሬ ሕፃን ሆና ጀምሮ ታውቀዋለች። ብረቱ እቤታቸው ሲመጣ ከሱሪው እጥፋት ውስጥ ከረሜላ ይደብቅላት ነበር። እጇን ሰዳ ስትፈልግ "ኧረ ጣቴን ነከስሽኝ! ይቺ ልጅ እግሬን ልትጨርሰው ነው!" እያለ ያስቃታል። ለእሷ ጋሼ ነው፤ ከአባቷ ወንድሞች በላይ ጋሼ ነው።

እንግዲህ ይኼ ሰው ታማሚዋ ሆኖ መጣ። ለአባቷ ጓደኛ አደላች እንዳይሏት ብላ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በእሱ ላይ ጠበቅ አለች። የልብ በሩ ብረት የሆነ ሰው ደም ማቅጠኛ ሳይውጥ አይውልም፤ ከተወው ደሙ የብረት በሩ ላይ ይረጋና ልቡን ወይም አንጎሉን ይዘጋዋል። ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ደግሞ ያን የወታደሮቹን ወዳጅ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ፣ ከደረበበት ሆዱ ይቆስላል፤ የቆሰለው ደግሞ አልቆም ብሎ ይደማል። ብረቱ ዳይክሎውን እንደ ቆሎ ነበር የሚቅመው።

"ጋሼ፣ ይቺ ከዛሬ ጀምሮ ቀርታለች" አለችው፣ ፌስታሉን አራግፎ እንደጨረሰ።

"ማን አስቀራት?"

"እኔ።"

"አንቺ ማነሽ? ትከሻዬ ላይ ሽንትሽን የሸናሽ ልጅ አይደለሽም?"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እሷ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ከደም ማቅጠኛው ጋር አትሄድም። አንድ ቀን ደም ታስመልስዎታለች፤ ያኔ ማንም አያድንዎትም።"

"እግሬን ያመኛላ! ምን ልሁን?"

"ለእሱ የነርቭ መድኃኒት አሳዝዤልዎታለሁ።"

"እሱ ያደነዝዘኛል። የቀረችኝ አንዲት እግር ናት፣ እሷንም አሰከረብኝ። ትናንት ሽንት ቤት በር ላይ ልዘረጋ ነበር።"

"ሲለምዱት ይለቅዎታል።"

"የትኛው እግሬን እንደሚያመኝ እንኳ አልጠየቅሽኝም እኮ።"

"የሌለው ነው፤ አውቀዋለሁ" አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። በእርግጥም ታውቀዋለች። የተቆረጠ እግር እንደሚያም፣ ነርቭ ጭንቅላት ውስጥ እግሩ እንዳለ እንደሚቆይ ተምራለች። መጽሐፉ የማይነግራት፣ ሰውየው በየትኛው ሰዓት እንደሚያመው፣ የሌለው ተረከዙ ይቃጠል ወይ ይቆረጠም እንደሆነ፣ ክኒኑስ ሲቀነስለት ይሻለው እንደሆነ ነው። ለዚያ ደግሞ ወንበር ስቦ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። አልተቀመጠችም።

በዚያ ሳምንት ወንዶቹ ሰላም ነሷት። እቤቷም የጠበቃት ያው ነበር።

እቤት ማለት ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ እሷና አባቷ ብቻ። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። አባቷን ሆስፒታል ያሉት ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚሉት። እሷ ወደ ሥራ ከሄደች በኋላ ደረጃውን እያነከሰ ወርዶ በአውቶቡስ እዚያው ሆስፒታል ይመጣል፤ የጓደኞቹ ክፍል ይውላል። ካርታ ይጫወታል፣ ያማል፣ ይታማል። ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ አይፈልግምም። የሱ ኑሮ ማለት ያቺ ክፍል ናት።

"አንቺ ልጅ" አላት የዚያን ዕለት ምሽት፣ ራት ሳይቀርብ። "ነፍሴን ያተረፈውን ሰው ክኒን ከለከልሽው አሉ።"

"ሊገድለው ስለሆነ ነው አባዬ።"

"ሕመሙስ? ሕመሙ አይገድለውም?"

"ሕመም አይገድልም።"

"አይ፣ አሞሽ አያውቅማ!" አለና ጀርባውን ሰጣት። "እዚያ ሰው መሃል ቀና ብዬ እንዳልሄድ አደረግሽኝ። የማን አባት እባላለሁ? የእሜት ቀንሱ አባት!"

እሷም ዝም አላለችም፤ እልኸኛ የእልኸኛ ልጅ ናት። "ታዲያ ያወጡልኝን ስም ይቀይሩልኛ! እኔ ሰው እንዳይሞት ነው የምለፋው። የሚወደኝ ሰው ካስፈለገኝ ውሻ እገዛለሁ" አለችው። ራቱን ሳይነካ ተኛ።

አባቷ ዳሌው ውስጥ እስካሁን ያልወጣ ፍንጣሪ አለ። የሚያስታግሰው ያው ዳይክሎ ነው፤ እሱ ደም ማቅጠኛ ስለማይወስድ፣ የሆድ መከላከያ ተጨምሮበት ይፈቀድለታል። እሁድ እሁድ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ በተከፋፈለች የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ትሞላለታለች። በሳምንቱ መጨረሻ ሳጥኗ ባዶ ነው። "አባዬ ወሰድክ?" "ወስጃለሁ።" አለቀ። በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቀው አያውቁም። ለዚህም ትኮራበት ነበር፤ በዓለም ላይ ያዘዘችውን በሥርዓት የሚወስድላት አንድ ሰው አላት፣ አባቷ።

ታዲያ ከብረቱ ጋር ከተጣሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት አባቷ እየባሰበት መጣ። ደረጃውን ሲወጣ በየመታጠፊያው ይቆማል። ሌሊት ሲገላበጥ አልጋው ሲጮኽ ትሰማዋለች። ጠዋት ጫማውን ለማሰር ሲጎነበስ ፊቱ አመድ ይመስላል። "ምነው አባዬ፣ መድኃኒቱ አልያዘህም እንዴ?" ብትለው "እርጅና ነው፣ አትነዝንዢኝ" አላት።

አልነዘነዘችውም። ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስጨመረችለት። እሱም፣ ሐኪም ይይህ ሲሉት ሰማይ የሚቀደድበት ሰውዬ፣ ያን ቀን ቃል ሳይተነፍስ ተቀበለ። እንዲያውም "እግዜር ይስጥሽ" አላት። ይኼኔ መደንገጥ ነበረባት። ከአፉ ምርቃት የወጣው መቼ ነበር? እሷ ግን ደስ አላት፤ ሰው ሲመርቁት የማይደሰት ማን አለ።

ሆስፒታልም ነገር የተስተካከለ መሰላት። ብረቱ ስለ እግሩ መጮኽ አቆመ። የነርቭ መድኃኒቱን መልሱልኝም፣ ውሰዱልኝም ሳይል ነርሷ ፊት ይቀበላል። ካርታውን ይጫወታል። የሳምንቱ ስብሰባ ላይ ዋና ሐኪሙ፣ ትዕዛዙን እየነቀሰች ስለምታርመው እንደ ጥርስ ሕመም የሚጠላት ሰውዬ፣ "ያ ባለ ብረቱ ሽማግሌስ?" ቢላት ቀና ብላ "ለምዶታል፤ ብዬ አልነበር?" አለችው። ብላ ነበር። አፍ የራስ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበር። እሷ ስታልፍ ይሳሳቃሉ። አንድ ዓይና ለአባቷ ወንበሩን እየለቀቀ "ሃምሳ አለቃ፣ ልጅህ ለኛ ቀንሳ ለአንተ ጨመረችልህ አሉ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!" አለ፣ ሆን ብሎ እሷ እንድትሰማው። ወንዶቹ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ብረቱም ሳቀ። አባቷ ብቻ አልሳቀም፤ ካርታውን አየ። እሷ በማድላት የተሰደበች መሰላትና በንዴት ብግን ብላ ወጣች።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ነርሷ ስትጮኽ እሷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ ሮጣ ገባች። ብረቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ተደፍቷል። አባቷ ከፊቱ ቆሞ ሳህን ይዞለታል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ደም ነው። አንሶላውም ደም ነው። ብረቱ እንደገና አስመለሰ፤ ፊቱ ላይ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም።

ዋና ሐኪሙ ደረሰ። አንድ ጊዜ ሰውየውን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ።

"ደም ማቅጠኛው በዝቶበታል። አንቺ የወሰንሽው መጠን ነው" አለ። ከዚያም ወደ ነርሷ ዞሮ "ማርከሻውን በሙሉ አዘጋጂ!" አለ።

"አይሆንም!" አለች። "ማርከሻው በሙሉ ከገባ ደሙ የልቡ ብረት ላይ ይረጋል። ልቡን ይዘጋዋል።"

"እና ደሙ አልቆ ይሙት?"

"የጠዋቱ ምርመራ እጄ ላይ ነው። የደሙ መቅጠን ከፍ ያለው በትንሹ ነው፤ ይኼን ሁሉ ደም አያመጣም። ሌላ የወሰደው ነገር አለ፤ ሆዱን ያቆሰለው። እሱ ከሆነ ማርከሻውን በጥቂቱ፣ የሆዱን መድኃኒት በደም ሥር፣ የቁስሉን መድማት ደግሞ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ማስቆም ነው።"

"ምንድነው የወሰደው?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም!" አለ ዋና ሐኪሙ። "ስፔሻሊስቷ አታውቅም። እኔ በግምት አልሠራም። መርፌው እስኪሞላ ድረስ ካወቅሽ አወቅሽ፤ ካላወቅሽ እሰጠዋለሁ።"

ወደ ወንዶቹ ዞረች። ሁሉም አልጋቸው ላይ ናቸው፤ አንዱ ጣራ ያያል፣ አንዱ መስኮት፣ አንዱ የጫማውን ጫፍ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብረቱ ትንፋሽና ያ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው።

"ምን ሰጣችሁት?"

አንድ ዓይና ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

"ምንድነው የሰጣችሁት? ዱቄቱን ነው? ደም ማቅጠኛ ደርቦ ነው? ማስታገሻ ነው? ንገሩኝ! ማንንም አልከስም፣ ማንንም አልጠይቅም፣ ስሙን ብቻ!"

"እኛ ያየነው የለም" አለ አንድ ዓይና፣ ቀስ ብሎ። "ፈትሺና አግኚ። ሥራሽ አይደል?"

"ጓዳችሁ እየሞተ ነው እኮ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ? ድንጋይ ናችሁ?" ጠላቻቸው። ከልቧ፣ አንድ በአንድ ጠላቻቸው፤ እነሱም ያንኑ መለሱላት። ነርሷ መርፌውን እየሞላች ነበር።

"አባዬ" አለች። "አንተ እዚህ ነው የምትውለው። አላየህም?"

"እኔ ጠያቂ ነኝ" አለ አባቷ፣ ሳህኑን እንደያዘ። "ምን አውቃለሁ?"

ግን ዓይኗን አላየም። ብረቱ በደም የራሰ አገጩን ቀና አድርጎ አባቷን አየው፤ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዘ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። "ቃልህን" ነው ያለው። ሁሉም አየው። እሷም አየችው፤ ያን ጊዜ ገባት።

ነርሷ መርፌውን ይዛ ቀረበች።

"ተይ!" አለ አባቷ። ሳህኑ ከእጁ ወደቀ። "ዳይክሎ ነው። የኔን ነው። የጠዋቱንም የማታውንም ድርሻዬን እያመጣሁ ነው የምሰጠው፤ ከከለከልሽው ቀን ጀምሮ። አንቺ ስታስጨምሪልኝ የተጨመረውንም ሰጥቼዋለሁ። ለራሴ ያስቀረሁት የለም።"

"የት አለ?"

"ሱሪው እጥፋት ውስጥ።"

ተንበረከከች። የመርፌ ቁልፉን ሳትፈታ እጇን በእጥፋቱ ሰደደች፤ መንገዱን እጇ ያውቀዋል። ከረሜላው ይቀመጥበት ከነበረው ጥግ የክብሪት ቀፎ አወጣች። ስትከፍተው የእሁድ ክኒኖቿ ናቸው፤ በገዛ እጇ የቆጠረቻቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼው ነው። ለእሱ እንዳይገባ በሩን ስትዘጋ፣ በአባቷ ኪስ በኩል ራሷ ስታቀብለው ኖራለች። አባቷም በእነዚያ ሌሊቶች ያን ሁሉ የተገላበጠው ያለ ማስታገሻ ነበር፤ አንዲት ክኒን ለራሱ ሳይቀምስ።

"መጠኑን ቀንሱ" አለች ተነስታ። "ማርከሻው በጥቂቱ። የሆዱን አምጡ። ደም አዘጋጁ።" ዋና ሐኪሙ ቀፎውን አየ፤ ተቀብሎ እንዳለችው አደረገ።

ብረቱ ተረፈ። ቁስሉ ተገኘ፣ ደሙ ቆመ፣ ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ። እንግዲህ ተረፈ ከተባለ ደስታ ነበር የሚጠበቀው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ደስ ያለው ሰው አልታየም።

በማግስቱ ፍተሻ ሆነ። ትራሱ፣ ፍራሹ፣ የክራንቹ ጎማ ጫፍ ሳይቀር ተፈተሸ፤ ከየስርቻው የወጣው ክኒን ባልዲ ሞላ። ዋና ሐኪሙ አዲስ መመሪያ አስፈለገ አለ፤ "አንቺው ጻፊው፤ ዘመዶችሽ ናቸው" አላት። ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ክኒኑን በእጁ አይዝም፤ ነርሷ ፊት ይውጣል፤ ከዋጠ በኋላ አፉን ከፍቶ ምላሱን ቀና አድርጎ ያሳያል። በዕድሜ የገፉ፣ ሰው ያዘዙ፣ ሰው የቀበሩ ወንዶች በየጠዋቱ በነርሷ ፊት እንደ ሕፃን አፋቸውን መክፈት ጀመሩ። መመሪያው ትክክል ነው። ሰው ያድናል። ትክክል ነገር ሁሌም እንዲህ ሲያስጠላ ጉድ ነው።

ይኼን ያመጣው ማነው? እሷ ናት አላሉም። እሷማ ጠላት ናት፤ ጠላት ጠላትነቱን ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል። አባቷ ነው አሉ። አባቷ በሳምንቱ እንደ ልማዱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የሰው ጃኬት ተቀምጧል። ካርታው ለአራት ሰው ታድሏል።

"እዚህ ጠያቂ የሚፈልግ ሰው የለም" አለው አንድ ዓይና። "ጆሮ ጠቢ ደግሞ ነርሷ ትበቃናለች።"

አባቷ ወደ ብረቱ አልጋ ሄደ። ብረቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ቃል ነበረን" አለ ብረቱ፣ ለግድግዳው።

"ትሞት ነበር እኮ።"

"ሞቼ ቢሆን ጓደኛ እንዳለኝ ነበር የምሞተው።"

አባቷ እያነከሰ ወጣ። ያን ሁሉ በሩ አጠገብ ሆና ሰምታለች።

እሷም ሞከረች። በሌላ ቀን ወንበር ስባ ብረቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያ መቀመጧ ነው። "ጋሼ፣ እግርዎን የት ጋ ነው የሚያምዎት?" አለችው። ድምጿ የልጅነቷን ይመስል ነበር።

"አሁን ነው የጠየቅሽኝ?" አለ ብረቱ። "ሂጂ አባትሽን ጠይቂው። የኔን ነገር መናገር ለሱ ይቀለዋል።"

ተነስታ ሄደች።

አባቷ አሁን እቤት ነው የሚውለው። ክኒኑን ራሱ ስለሚውጥ ዳሌው ተሻለው፤ ፊቱም ተመለሰ። ደረጃውን ያለ ዕረፍት ወርዶ መውጣት ይችላል። የሚወርድበት ጉዳይ ግን የለውም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ከታች የሚያልፈውን አውቶቡስ ያያል፤ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል። ከእሷ ጋር አይጣሉም። ቢጣሉ ይሻላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ክኒኑንና ብርጭቆውን አቀረበችለት። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ ባለው ኩባያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ክኒኑን ዋጠ፣ ውሃውን ጠጣ። እሷ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ወጥ ቤት ስትዞር "ቆይ" አላት።

ዞር ስትል አባቷ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንደ ሰልፍ። አፉን ከፍቷል። ምላሱን ወደ ላይ አንስቷል።

"አባዬ፣ ምን ማለት ነው ይኼ? ተው በፈጣሪ።"

አልዘጋም። አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ግን አይንቀሳቀስም።

"አባዬ፣ አምንሃለሁ እኮ!"

አሁንም አልዘጋም። እስክታየው ድረስ እንደማይዘጋው ገባት፤ ቀኑን ሙሉ ቢሆን እንኳ። ብርጭቆውን አስቀምጣ ተጠጋችው፤ ጎንበስ አለችና አየች። ጥርስ አልባው ድድ፣ ከምላሱ ሥር የሚርገበገበው ሰማያዊ ደም ሥር። ሌላ ምንም የለም።

"ውጠኸዋል" አለች።

አባቷ አፉን ዘጋና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።